6.8 ወደ 3.9 ሲወርድ፦ የአንድ ፔፐር የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 22

ዛሬ ከአማካሪዬ ጋር ተቀምጠን ቁርጡን ተነጋገርን። ፕሮሰሰር ዳታን ቀድሞ ስለሚያመጣበት መንገድ ያለንን ሐሳብ በፔፐር (በጥናት ጽሑፍ) ጽፈን ኅዳር ላይ ለሚዘጋው ጉባኤ እናስገባለን። የቀረን ሰባት ሳምንት ነው።

ማስታወሻውን የጀመርኩት ለራሴ ነው። ግን አገር ቤት ሆነው በፕሮሰሰር ዲዛይን መግፋት የሚፈልጉ ልጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል። "ፔፐር የሚገባው እንዴት ነው? ከየት ነው የሚጀመረው?" ይሉኛል። ስለዚህ ለእነሱም እንዲሆን አድርጌ እጽፈዋለሁ። የጉባኤውን ስምና የፔፐሩን ርዕስ ግን አልጠቅስም። ግምገማው ስም ሳይታወቅ ነው የሚካሄደው። ገምጋሚው እኔን አያውቀኝም፣ እኔም እሱን አላውቀውም። ይህን ማክበር አለብኝ።

በኮምፒውተር አርክቴክቸር ትልልቆቹ መድረኮች አራት ናቸው። ማይክሮ እ.ኤ.አ. በ1968 ተጀመረ። አይስካ በ1973 ፍሎሪዳ፣ ጌንስቪል ላይ። አስፕሎስ በ1982፣ ኤችፒሲኤ ደግሞ በ1995። በብዙ ሙያ ትልቁ ነገር ጆርናል ላይ መውጣት ነው። እኛ ጋ ግን ጉባኤ ነው። ኖርማን ጁፒ ካሽ (ለፕሮሰሰሩ ቅርብ የሆነ ፈጣን ማኅደር) አጠገብ ትንሽ ማጠራቀሚያ አስቀምጦ ዳታን ቀድሞ የማምጣትን ዘዴ በ1990 ያቀረበው አይስካ ላይ ነው። ዳንኤል ሂሜኔዝና ካልቪን ሊን ፐርሴፕትሮንን (ከስህተቱ የሚማር ቀላል የሒሳብ ዘዴ) ለብራንች ትንበያ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ቀጥሎ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ለመገመት ያዋሉት በ2001 ኤችፒሲኤ ላይ ነው። ከዓመታት በኋላ ኤኤምዲ ያንን ሐሳብ በዜን ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ አስገባው። ዛሬ ላፕቶፕህ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሥራው ያጓጓኛል።

ጥቅምት 3

ሐሳቡን በቀላሉ ላስረዳ። ለእናቴ በስልክ አስረድቻት ገብቷታል፤ ስለዚህ ለሁሉም ይገባል።

ፕሮሰሰር በጣም ፈጣን ነው። ዋናው ሜሞሪ ግን ሩቅ ነው። አንድ ዳታ ከዚያ እስኪመጣ በመቶዎች የሚቆጠር ሳይክል (የፕሮሰሰሩ የሥራ ምት) ይባክናል። ለዚህ ነው መሃል ላይ ካሽ የተቀመጠው። ዳታው ካሽ ውስጥ ከሌለ ያው መጠበቅ ነው። ፕሪፌቸር የሚባለው ክፍል ይህን ለማስቀረት ቀጥሎ ምን እንደሚፈለግ ገምቶ ቀድሞ ያመጣል። እናቴ ቡና ስታፈላ አቦሉን ቀድታ ሳትጨርስ የቶናውን ውሃ አዘጋጅታለች። እንግዳው "ቶና የለም እንዴ?" እስኪል አትጠብቅም። ፕሪፌቸር ማለት ይኸው ነው።

ችግሩ ድንበር ላይ ይመጣል። ሜሞሪ በፔጅ ተከፋፍሏል፤ የተለመደው መጠን 4 ኪሎባይት ነው። የካሽ መስመር 64 ባይት ስለሆነ አንድ ፔጅ 64 መስመር ይይዛል። ፕሪፌቸሩ መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ምን ያድርግ? ቀጣዩ ፔጅ በፕሮግራሙ ዓይን ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት ነው። በትክክለኛው ሜሞሪ ላይ ግን ሌላ ሰፈር ሊሆን ይችላል። አድራሻውን ለማግኘት ቲኤልቢ፣ ማለትም የፔጅ አድራሻዎችን የሚያስታውስ ትንሽ ማኅደር ይጠየቃል። እዚያ ከሌለ የፔጅ ሠንጠረዡን ደረጃ በደረጃ መውረድ ይመጣል፤ በተለመደው የኢንቴልና የኤኤምዲ አሠራር 4 ደረጃ። ምናልባት ለማይፈለግ ዳታ እስከ አራት ጊዜ ሜሞሪ ድረስ መመላለስ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ፕሪፌቸሮች ድንበሩ ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ።

እኛ ደግሞ "አንዳንዴ ይለፍ" እንላለን። መቼ ማለፍ እንዳለበት የሚወስን ትንሽ ሠንጠረዥ ሠራን። 512 መደብ አለው፤ እያንዳንዱ 13 ቢት። ሲደመር 832 ባይት። ለአንድ ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ ለሚሠራ ክፍል) ይህ ከምንም አይቆጠርም።

ድንበር ማለፍን የጀመርነው እኛ አይደለንም። ከእኛ በፊት በደንብ የሠሩበት አሉ፤ ፔፐሮቻቸውን አንድ በአንድ አንብቤያለሁ። የእኛ ልዩነት ውሳኔው የሚሰጥበት መንገድ ላይ ነው። ፔፐሩ ውስጥም በዚሁ ቋንቋ ነው የሚጻፈው። የሌላውን ድካም አሳንሶ የራስን ማግዘፍ ነውር ነው። ደግሞም ገምጋሚው ያው ያሳነስከው ሰው ሊሆን ይችላል።

ጥቅምት 14

ቺፕ አንሠራም። ገንዘቡም ጊዜውም የለም። የምንሠራው በሲሙሌተር ነው። ቻምፕሲም የሚባለውን መርጠናል፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ የፕሪፌቸር ሰዎች በደንብ ያውቁታል። የፕሮግራሞችን የአሂድ ቅጂ ይቀበልና አንድ ፕሮሰሰር እንዴት እንደሚያስኬዳቸው በሳይክል ይቆጥራል። ፕሮግራሞቹን የፕሮሰሰር ፍጥነት ከሚለካበት ስፔክ ሲፒዩ 2017 እና ጋፕ ከሚባለው የግራፍ (በመስመር የተያያዙ ነጥቦች መረብ) ስብስብ ወሰድን። ጋፕ ከበርክሌይ የመጣ ነው፤ ስድስት ዓይነት የግራፍ ሥራ አለው። ሜሞሪን ያለርኅራኄ ስለሚያምስ ለእኛ ጥሩ ፈተና ነው።

60 ቅጂ በ9 ዓይነት አደረጃጀት፤ 540 ሩጫ። አንዱ ከ2 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል። ክላስተሩ (አብረው የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ስብስብ) ላይ 48 ቦታ ነበረኝ። ሁሉም እስኪያልቅ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ጠበቅሁ። ቅዳሜ ማታ አስጀመርኩት፣ ሰኞ ጠዋት ከፈትኩት።

አማካዩ 6.8 በመቶ ፍጥነት ጨምሯል።

ለሁለት ደቂቃ ያህል ከወንበሬ ተነስቼ ቆምኩ። በዚህ ዘመን ለ832 ባይት ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ላለችው ጓደኛዬ ወዲያው ላክሁላት። 5 ኪሎ አብረን ተምረን ነው የተለያየነው፤ እኔ ወደ ስዊድን፣ ጎተንበርግ መጣሁ፣ እሷ እዚያው ሥራ ያዘች። ማታ ማታ ከሥራ በኋላ በዚህ ሥራ ላይ አብራኝ ትለፋለች። ስሟም ፔፐሩ ላይ አለ። "እልልል!" ብላ መለሰችልኝ። ከዚያ ቀጥላ "ፋይሎቹን ሁሉ ላክልኝ፣ ግራፎቹን እኔ ልሥራ" አለችኝ።

ጥቅምት 27

ይህን ቀን ረጅም አድርጌ ልጽፈው እፈልጋለሁ።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጓደኛዬ ደወለች። መብራት ጠፍቶባት በስልኳ ብርሃን ነበር የምታየው።

"ስማ፣ የቤዝላይኑን ፋይል ከእኛው ጋር አስተያይተኸዋል?"

"አዎ፣ ምነው?"

"ኤስቲኤልቢውን እየው። የቤዝላይኑ 12 ይላል። የእኛው 16።"

ከፈትኩት። ልክ ናት። ቤዝላይን የምንለው ያለ እኛ ዘዴ የሚሮጠው ማነጻጸሪያ ነው። ኤስቲኤልቢ ሁለተኛው ደረጃ ቲኤልቢ ነው፤ የፔጅ አድራሻዎችን የሚያስታውሰው ትልቁ ማኅደር። በ128 ረድፍ ነው የተደራጀው። በየረድፉ 12 ሲሆን 1536 አድራሻ ይይዛል። በየረድፉ 16 ሲሆን 2048። ነሐሴ ውስጥ ለሌላ ሙከራ 16 አድርጌው ነበር። ሳልመልሰው ቀረሁ። ቤዝላይኑን ደግሞ ከንጹሑ ቅጂ ነበር የወሰድኩት።

ትርጉሙን ልብ በሉ። የእኛ ዘዴ የሚሟገተው ስለ ፔጅ አድራሻ ነው። ያው አድራሻ የሚቀመጥበትን ቦታ ለራሳችን አንድ ሦስተኛ ጨምረን፣ ለተወዳዳሪው ሳንጨምር ነበር የሮጥነው። ከ6.8ቱ ምን ያህሉ የሐሳባችን፣ ምን ያህሉ የትርፉ ኤስቲኤልቢ እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ እሷ "እንደገና እናስኪደው፣ ሌላ ምን ይደረጋል" አለች። እውነት ነው፣ ሌላ የሚደረግ የለም። ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። ያስጨነቀኝ የቁጥሩ ማነስ አይደለም። እሷ ባታየው ኖሮ ይህ ቁጥር በስማችን ይወጣ ነበር። ሌላ ተማሪ ሌላ አገር ሆኖ ሊደግመው ይሞክርና አልመጣ ይለዋል። ሳምንታት ያባክናል። ጥፋቱንም ከራሱ ይፈልጋል። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ እንደዚያ ሆኜ አውቃለሁ፤ አንድ የታተመ ውጤት መድገም አቅቶኝ ሁለት ወር ሙሉ የራሴን ኮድ ስጠራጠር ነበር።

ኅዳር 1

አዲሱ ውጤት መጣ። 3.9 በመቶ።

ለአማካሪዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስህተቱን፣ ማን እንዳገኘው፣ የድሮውንና የአዲሱን ቁጥር። የፈራሁት ቁጣ አልመጣም። "3.9 በቂ ነው፣ እውነተኛ ከሆነ" አሉኝ። ከዚያ አንድ ሥራ ሰጡኝ፤ ሁለት የአደረጃጀት ፋይሎችን መስመር በመስመር የሚያነጻጽር አጭር ስክሪፕት እንድጽፍ። ከሚፈለገው ልዩነት ውጭ ሌላ ካየ ሩጫው አይነሳም። ሃያ መስመር የማይሞላ ኮድ ነው። በመጀመሪያው ቀን መጻፍ ነበረበት። ይህን ሥራ የምትጀምሩ ልጆች ከሁሉ በፊት እሱን ጻፉ።

ኅዳር 5

ዛሬ ርዕስና አጭር መግለጫ የሚመዘገብበት የመጨረሻ ቀን ነው። ሙሉው ጽሑፍ ከሳምንት በኋላ ይገባል። ብዙ ሰው ይህን የመጀመሪያውን ቀን ይዘነጋዋል። ካለፈ ግን አለቀ፤ ሙሉው ጽሑፍ ቢደርስም አይቀበሉህም።

ምዝገባው ሆትሲአርፒ በሚባል ሥርዓት ነው። የደራሲዎች ስም ይሞላል፤ ገምጋሚዎች ግን አያዩትም። ቀጥሎ ረጅም የገምጋሚዎች ዝርዝር ይመጣል። የጥቅም ግጭት ያለብህን ሰው ሁሉ ምልክት ታደርጋለህ፦ አማካሪህን፣ አንድ ተቋም ውስጥ ያለውን፣ በቅርብ ዓመታት አብሮህ የጻፈውን። መዝለል ጥፋት ነው። የማትወደውን ገምጋሚ ለመሸሽ ብሎ በሐሰት ምልክት ማድረግም ጥፋት ነው፤ ጽሑፉ ሳይነበብ ሊጣል ይችላል። ከጓደኛዬ ጋር በስልክ ሆነን ስም በስም ወረድን። አንድ ሰዓት ፈጀብን።

ኅዳር 9

የተፈቀደልን 11 ገጽ ነው፤ የዋቢዎች ዝርዝር አይቆጠርም። የእኔ ረቂቅ 13 ከግማሽ ነው። ይኸው ከጠዋት ጀምሮ እየቆረጥኩ ነው።

አማካሪዬ የመግቢያውን የመጀመሪያ አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ሰረዙት። "ይህን ሁሉም ያውቀዋል" ብለው። ሜሞሪ ዘገምተኛ መሆኑን ለማስረዳት ግማሽ ገጽ አባክኜ ነበር። የሚያነበው ሰው ደግሞ ሃያ ዓመት በዚሁ ሥራ ያሳለፈ ነው። ችግሩን በሦስት ዓረፍተ ነገር አስቀምጠን ወደ ድንበሩ ገባን።

ግራፉ ላይ ተከራከርን። ጓደኛዬ የሠራችው ግራፍ ቋሚ መስመሩ ከ0 ይጀምራል። እኔ ከ1.0 (ከቤዝላይኑ ፍጥነት) እንዲጀምር ፈለግሁ፤ አለበለዚያ 3.9 በመቶ አይታይም። "ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ትንሽ መስሎ ይታይ" አለች። በመጨረሻ ከ0.9 እንዲጀምር ተስማማን፤ የሚያዘግመው ፕሮግራም እንዳይደበቅ። ሁለት ፕሮግራም ላይ ዘዴያችን ያዘገማል፤ አንዱ ላይ 1.4 በመቶ። አምዳቸው ከ1.0 በታች ወርዶ በግልጽ ይታያል። ለምን እንደሆነም አንድ አንቀጽ ጻፍን። ከ11ዱ ገጽ በጣም የምወደው አንቀጽ እሱ ነው።

ኅዳር 12 እና 13

እዚህ በዚህ ወር ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ቀኑን ከሌሊቱ መለየት ያቅታል፤ የዴድላይን ሳምንት ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ብዙ ጉባኤ የሚዘጋው "በምድር ላይ የትም ቦታ" በሚባል ሰዓት ነው። ቀኑ መጨረሻ ላይ የሚመሽበት የዓለም ጥግ፣ ሰው የማይኖርበት ቤከር ደሴት ሰዓት ማለት ነው። እዚያ ከሌሊቱ 5፡59 ሲሆን አዲስ አበባ በማግሥቱ ከቀኑ 8፡59 ነው። እዚህ ስዊድን ደግሞ ከቀኑ 6፡59። በፈረንጅ አቆጣጠርና በእኛ መካከል መምታታት እንዳይመጣ ጓደኛዬ ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ፎቶውን ልካልኛለች።

ከማለቁ አራት ሰዓት በፊት የስም ፍተሻ ጀመርኩ። ምስጋና የሚለው ክፍል ወጥቷል። የራሳችንን የቀድሞ ሥራ "እነሱ እንዳሳዩት" ብለን እንደ ባዕድ ጠቅሰናል። የኮዱ ሊንክ ወጥቷል። ያም ሆኖ ጉድ ሊሠራን የነበረ ነገር ነበር። የፒዲኤፉን ዝርዝር መረጃ ስከፍት ሙሉ ስሜ ተቀምጧል! በፓወርፖይንት የሣልኩት ሥዕል ይዞት መጥቶ ኖሯል። ሥዕሉን እንደገና አውጥቼ፣ አጽድቼ፣ መልሼ አስገባሁት።

ለማንኛውም አንድ ቅጂ ከቀትር በፊት ጭኜ ነበር። የመጨረሻውን 6፡20 ላይ ጫንኩ። የመላኪያውን ቁልፍ ስጫን እጄ ላብ በላብ ነበር።

"ገባ?"

"ገባ።"

የካቲት 12

ግምገማው ተለቀቀ። አምስት ሰው አንብቦታል። ሁለቱ ወደውታል፣ ሁለቱ ወላውለዋል፣ አንዱ አልተቀበለውም። መልስ ለመስጠት የተሰጠን ጥቂት ቀን ነው።

መጀመሪያ ሳነበው ደሜ ፈላ። አንዱ "ከቀድሞዎቹ ትንሽ ብቻ ነው የሚጨምረው" ይላል። ለመመለስ ፈልጌ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁት። በማግሥቱ ስመለስበት ሁለተኛው ገምጋሚ የጻፈው ዓይኔ ላይ ቆመ። "ፔጁ 2 ሜጋባይት ቢሆንስ?" ይላል። ሊኑክስ ትልልቅ ፔጆችን በራሱ መስጠት ይችላል። አንድ ትልቅ ፔጅ 512 ትንንሾችን ይተካል። ያኔ ድንበሩ ራሱ ብዙም አያጋጥምም። ታዲያ የእኛ ዘዴ ምን ይጠቅማል?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ይህ ሰው ሥራችንን ከእኛ በላይ በጥንቃቄ አንብቦታል። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ባገኘው እጁን ጨብጬ አመሰግነው ነበር።

በአራት ቀን የቻልነውን ሮጥን። መልሱን በነጥብ ሳይሆን በጥያቄ አደራጀነው፤ ትልቁ ጥያቄ መጀመሪያ።

መጋቢት 13

አልተቀበሉትም።

ደብዳቤው በጎ ነው። ሐሳቡ ጥሩ እንደሆነ፣ ግን ትልልቅ ፔጅና ብዙ ኮር ላይ በደንብ መታየት እንዳለበት ይላል። ትክክል ናቸው። ቢሆንም ያማል። ለጓደኛዬ የነገርኳት ከእራት በኋላ ነው፤ ቀኗን ላበላሽባት አልፈለግሁም። "እሺ፣ ቀጣዩ መቼ ነው የሚዘጋው?" ነበር መልሷ።

ሚያዝያ ላይ ነው።

መጋቢት 24

በግማሽ ሜሞሪው ትልልቅ ፔጅ ሲሆን ትርፋችን ወደ 2.3 ይወርዳል። ሙሉ በሙሉ ትልልቅ ፔጅ ሲሆን 1.2 በመቶ ብቻ። ሁለቱንም ቁጥር አጭር መግለጫው ውስጥ አስገባናቸው። አማካሪዬ ትንሽ ካመነቱ በኋላ "ይግባ" አሉ። አንባቢው ዘዴው የት እንደሚሠራና የት እንደማይሠራ ከመጀመሪያው ይወቅ።

4 ኮር ላይ ግን ያልጠበቅነው መጣ። 4.6። ምክንያቱን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብን። ኮሮቹ ሜሞሪውን ስለሚጋሩ የአንዱ አላስፈላጊ ጉዞ ሌላውን ያዘገየዋል። የእኛ ሠንጠረዥ "አትለፍ" ባለ ቁጥር ለጎረቤቱ መንገድ ይለቃል። በአንድ ኮር ላይ ይህ ጥቅም አይታይም። ገምጋሚዎቹ ባይጠይቁን አናየውም ነበር።

ሚያዝያ 8

ዛሬ እንደገና ይገባል። እዚህ ሰዓቱ ለበጋ ስለተቀየረ መዝጊያው ከቀኑ 7፡59 ሆኗል። አዲስ አበባ ግን ያው 8፡59 ነው። ጓደኛዬ ግድግዳዋ ላይ ያለውን ወረቀት አርማዋለች።

የስም ፍተሻው አልቋል። ፒዲኤፉ ንጹሕ ነው። ገጹ 11። የጥቅም ግጭት ዝርዝሩ እንደ አዲስ ተሞልቷል፤ የገምጋሚዎቹ ኮሚቴ ሌላ ነው።

ከመላኬ በፊት ጓደኛዬ "አንዴ ቆይ" አለችኝ። ስክሪፕቱን ለመጨረሻ ጊዜ እንዳስኬደው ፈለገች። የቤዝላይኑንና የእኛን ፋይል ሰጠሁት። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ኤስቲኤልቢ፣ 128 ረድፍ፣ በየረድፉ 12። ሁለቱም ላይ 12። ልዩነት ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ የፕሪፌቸሩ ስም።

"በል አሁን ላከው" አለች።